ከአጥሩ ውጭ የሚሰማ ጨዋታ

በአንድ ሰፊ ሸለቆ ውስጥ መንግሥት ነበረ፤ ሥርዓቱም ለማንም ግልጽ ነበር። አንበሳው ይበላል፤ ድኩላውም ይበላል። ልዩነቱ አንዱ ቃል ላልቶ፣ ሌላው ጠብቆ መነበቡ ብቻ ስለሆነ በአዋጅ ላይ ሲጻፍ ሁለቱ እኩል ይመስሉ ነበር። በዚህ እኩልነት ቅር የተሰኘ አውሬ አቤቱታውን ለአያ ጅቦ እንዲያቀርብ ተፈቅዶለታል። አቅርቦ የተመለሰ ስለሌለ ግን ቅሬታ እንደሌለ ይቆጠር ነበር።

የሸለቆውን ነዋሪ ይህን ሁሉ የሚያስረሳው አንድ ነገር ጨዋታው ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ በወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ፣ የሸለቆ ልጆችና የገደል ልጆች የሚባሉት ሁለት ቡድኖች ደረቅ ቅል በኮቴ እየገፉ በሁለት ግራሮች መካከል ለማሳለፍ ይፋለማሉ። የሸለቆ ልጆች ድኩላና ሚዳቋ ናቸው፤ የገደል ልጆች ደግሞ ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል የለመዱ ሰሶች። ድሮ ተመልካቹ ሜዳውን ከብቦ ሣሩ ላይ ይቀመጥና እስኪበቃው ይጮህ ነበር። በጨዋታ ቀን ንጉሡ አንበሳ ለአደን አይወጡም። ገሚሱ ይህን ከርኅራኄያቸው ቆጠረው፤ ገሚሱ ደግሞ ማን ጥሩ ሥጋ እንዳወጣ ረጋ ብለው ለማየት ነው ይል ነበር።

ከተመልካቹ ሁሉ ድምፁ የሚጎላው አንድ ከርከሮ ነበር። ስሙ ደምስስ ይባላል። አባቱ ይህን ስም ሲያወጡለት ምን እንዲደመስስላቸው አስበው እንደነበር አይታወቅም፤ እሱ ግን እስከ ጉልምስናው ድረስ የደመሰሰው ሥራ ሥር ብቻ መሆኑን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። መልኩንም ያውቃል። ወንዝ ወርዶ ውሃ ሲጠጣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ «በጠዋት ከእንዲህ ያለ ፊት ጋር መገናኘት ቀን ያበላሻል» ይላል። በራሱ ላይ የማይቀልድበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ካላጓራ የሸለቆ ልጆች አያሸንፉም ብሎ ከልቡ ያምናል። እያጓራም ብዙ ጊዜ ይሸነፉ ነበር። ያን ጊዜ ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስድና ሌሊቱን ሲቆጭ ያድራል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ሆዱን ሞልቶ ለመምጣት ይወስናል።

ነገሩ የተለወጠው አያ ጅቦ የሜዳው አዛዥ ተብሎ የተሾመ ዕለት ነው። መጀመሪያ ሜዳውን በእሾህ አጠረው፤ ለተመልካቹ ደኅንነት ነው አለ። ቀጥሎ በር ከፈተና ቀበሮን በረኛ አደረገ። ከዚያ ለሣሩ እንክብካቤ በሚል ከእያንዳንዱ አውሬ አንድ ጉርሻ ተጠየቀ። ጉርሻ ማንንም አይጎዳም፤ ሁሉም ሰጠ። በሚቀጥለው ወቅት ጉርሻው ምሳ ሆነ፤ ምሳውም ውሎ አድሮ የሳምንት ቀለብ። ሥራ ሥር የሚቆፍር ሥራ ሥር፣ እንቁላል የምትጥል እንቁላል፣ ሌላ ነገር የሌለው ጃርት ደግሞ እሾሁን እየነቀለ ያስረክብ ጀመር። ጥላ ያለው የዋርካው ሥር ከሩቅ ጫካ ለሚመጡ የንጉሡ እንግዶች ተከለለ። እዚያ ነብርና አቦሸማኔ ተጋድመው ይውላሉ። የትኛው ቡድን ወዴት እንደሚያጠቃ አያውቁም፤ ስለ ተጫዋቾቹ ሲጠየቁ አስተያየታቸው በአብዛኛው ስለ ታፋቸው ነው።

ደምስስ አጉረመረመ፤ እያጉረመረመም ከፈለ። ሚስቱ አስካለች፣ «ምን አስጨነቀህ፣ አትሂዳ» ስትለው፣ «ቡድኑስ?» ይላታል። «ቡድኑ አንተን ያውቅሃል?» ስትለው ደግሞ ጉድጓዱን ለማስፋት አፈር መቆፈር ይጀምራል። ጉድጓዱ በዚያ ዘመን እጅግ ሰፊ ሆኖ ነበር።

የበጋው ዋንጫ ጨዋታ ሲቃረብ ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ ወር ቀለብ ዘለለ። ያኔ አውሬዎቹ፣ አያ ጅቦ በሚያንቀላፋበት እኩለ ቀን፣ ጨዋማው ምንጭ፣ አምቦው ውሃ ዘንድ፣ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አባ ኤሊ ነበሩ፤ ቀድመው እንዲደርሱ ከማለዳ ጀምሮ ተልኮባቸዋል።

ጃርት ቀድሞ ተነሣ። ከጀርባው ላይ የቀሩት እሾሆች ጥቂት ነበሩ። «ስወለድ ጃርት ነበርኩ» አለ፤ «አሁን ምን እንደሆንኩ ባለቤቴም ልትነግረኝ አልቻለችም።»

እመት ጅግራ ቀጠለች። «ሌላው ልጁን ይዞ ይገባል። እኔ ልጆቼን ከፍዬ ነው የምገባው።»

አባ ኤሊም ሰብሳቢ መሆናቸውን ለአፍታ ረስተው የራሳቸውን ተናገሩ። እርሳቸው የሚያስረክቡት ስለሌላቸው የሚገቡት ለነብሩ የእግር ማሳረፊያ ሆነው ነበር። «ክብደቱስ ይቻላል» አሉ፤ «ግን እስከ ዛሬ ያየሁት ጨዋታ ሳይሆን ተረከዝ ነው።»

ደምስስ ይህን ሁሉ ሲሰማ ደረቱ ሞቀ። ንግግር አድርጎ አያውቅም፤ ሲጀምር ግን ከአፉ የወጣው ነገር ለራሱም አስደነቀው። «ወገኖቼ» አለ፤ «አጥሩ የጅቡ ነው፤ በሩ የጅቡ ነው። ድምፁ ግን የማን ነው? ያለ እኛ ጩኸት ያ ሜዳ ቅል የሚንከባለልበት ባዶ ሜዳ ነው። በዋንጫው ቀን ማናችንም አንግባ። ነብሩ ዝምታውን ይስማው። በሚቀጥለው ሳምንት አያ ጅቦ ራሱ መጥቶ ይለምነናል።»

የአድናቆት ጉምጉምታ ተነሣ። ደምስስ ወደ አምቦው ውሃ ድንገት ቢመለከት ፊቱን አየው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም ያን ያህል አላስጠላውም።

በዚህ መሐል ከኋላ እማማ ሣሬ ድምፃቸውን አሰሙ። እማማ ሣሬ ያረጁ ድኩላ ናቸው፤ የሸለቆ ልጆች ዋና አግቢ የሆነው ፈጠነ ልጃቸው ነው። ጥርሳቸው ስለረገፈ ለራሳቸው የሚሆን ሣር እንኳ በጭንቅ ነው የሚያገኙት።

«እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ገብቼ አላውቅም» አሉ። «ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የማዳምጠው። እናንተ ስትጮኹ ልጄ ቅሉን እንደያዘ አውቃለሁ። በረጅሙ ስትተነፍሱ እንደሳተ አውቃለሁ። ስትስቁ ወድቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ትንሽ እቀየማችኋለሁ። እናንተ ከቀራችሁ እኔ የምሰማው የለም።»

ደምስስ አንገቱን ደፋ።

«ግን ቅሩ» አሉ እማማ ሣሬ። «አንድ ቀን ሳልሰማው ብቀር ምንም አልሆንም። ምናልባት ከዚያ በኋላ አየዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። ሁሉም ከአምቦው ውሃ አንድ አንድ ጉንጭ ተጎንጭተው ላይገቡ ማሉ። ሲምል ድምፁን ከፍ ያደረገው ደምስስ ነበር።

የዋንጫው ቀን ረፋዱ ላይ ደምስስ ከጉድጓዱ ወጣ። ተመልሶ ገባ። እንደገና ወጣ። ነፋሱ ከሜዳው በኩል ነበር፤ የተረገጠ ሣር ሽታ አመጣለት። መሐላውን አሰበና በራሱ ኮራ። ከዚያ ፈጠነን አሰበው፤ ልጁ ቅሉን ይዞ ቀና ሲል የሚያውቀው ድምፅ ቢያጣ ምን ይሰማዋል? ቡድኑ ዛሬ ቢሸነፍ፣ ደምስስ ተኝቶ እያለ ቢሸነፍ፣ ጥፋቱ የማን ይሆናል? ሁሉም ከቀረ የአንድ ከርከሮ መግባት ምን ለውጥ ያመጣል? እንዲያውም አንድ ታማኝ ሰው ገብቶ የሜዳውን ባዶነት በዓይኑ አይቶ ለጉባኤው ቢነግር መልካም ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣለት በብልህነቱ ተደነቀ፤ ወዲያውም ለበጋ የተቀመጠውን ሥራ ሥር ከጉድጓዱ ጥግ ማውጣት ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለች አስካለች።

«ለቅሶ።»

«ማን ሞተ?»

«የሩቅ ዘመድ ነው፤ አታውቂውም። ለሐዘንተኞቹ የሚቀመስ ልውሰድ ብዬ ነው።»

አስካለች የሚወጣውን ሥራ ሥር አየች። ማውጣቱ አላቆም ሲል፣ «ስንት ናቸው የሞቱት?» አለችው። እሱ የቀረችውን ሥራ ሥር ለቀመ። እሷም ልጆቿን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ደምስስ እንዳይታወቅ ብሎ በመንገዱ ላይ ካለ ረግረግ ውስጥ ተንከባሎ ጭቃ ተቀባ። ከርከሮ ጭቃ ሲቀባ ይበልጥ ከርከሮ እንደሚሆን የገባው በሩ ላይ ሲደርስ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አያ ደምስስ» አለው ቀበሮ።

«ተሳስተሃል፤ እኔ እሱ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ላልሆኑትም ዋጋው ያው ነው። እዚያ ያስቀምጡት።»

ክምሩ ላይ ያልቀዘቀዙ እንቁላሎችና እፍኝ የማይሞሉ እሾሆች ነበሩ። ደምስስ አያቸው፤ ልቡ ግን ጨዋታው ላይ ስለነበረ የማን ይሆኑ ብሎ አልጠየቀም። የልጆቹን ቀለብ ከላያቸው አራግፎ ገባ።

ከኋላ ቁጥቋጦ ሥር ሊሸጎጥ ሲል አንድ እርቃኑን የቀረ አውሬ እግሩ ላይ ቆመበት።

«ደምስስ ነህ?» አለ አውሬው ቀስ ብሎ።

«አይደለሁም።»

«ጥሩ፤ እኔም ጃርት አይደለሁም።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ያልሆነው ጃርት፣ «ቤት ምን ብለህ ወጣህ?» አለው። «ለቅሶ» አለ ደምስስ። «እኔም» አለ ጃርት። ከወደ ግራ እመት ጅግራ ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ቀብራ ተቀምጣለች። ማዶ፣ ዋርካው ሥር፣ አባ ኤሊ ከነብሩ እግር በታች ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ደምስስ ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አምቦው ውሃ ዘንድ ከነበሩት ያልመጣ አንድም አልነበረም፤ ከአንዲት በስተቀር።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ማንም አልጮኸም። የጮኸ ይታወቃልና እያንዳንዱ አፉን ዘግቶ ጎረቤቱ እንዲጀምርለት ይጠብቃል። ከዚያ በፊት እንደዚያ የሞላ ሜዳ እንደዚያ ዝም ብሎ አያውቅም። ቅሉ መሬት ሲነካ ይሰማል። የነብሩ ማዛጋት ይሰማል። ተጫዋቾቹ ግራ ገባቸው፤ ፈጠነ ሁለቴ ቅሉን ስቶ ቆም አለና የሞተ ሰው ያለ ይመስል ተመልካቹን ዞር ዞር ብሎ አየ።

ደምስስ ከአጥሩ ማዶ ማን እንደቆመ ያውቃል። ይህን ዝምታ እየሰሙ ነው፤ ቃላቸውን ጠበቁ እያሉ ነው ብሎ አሰበ። እንዲህ ብለው እያሰቡ እንዲቆዩ ጸለየ። ጨዋታው ይጠናቀቅ፣ ሁላችንም በየጥሻው ሾልከን እንውጣ፣ እማማ ሣሬም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያክብሩን አለ።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ፈጠነ ቅሉን ከሜዳው መሐል ነጠቀ። አንዱን ሰስ አለፈ፤ ሌላው ሲዘልበት ከሥሩ ሾለከ፤ ግራሮቹ ፊት ለፊቱ ተከፈቱ። ደምስስ አፉን በሁለት እግሩ አፈነ። ጅራቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ የሆነውን እሱ አላደረገውም፤ ቢያንስ በኋላ ሲያስረዳ እንደዚያ ነው ያለው። ሆዱ ውስጥ የቆየው ጩኸት አንድ ጊዜ ወጣ፤ ተራራው መለሰው። ጃርት ተነሣ፤ ጅግራ ተነሣች፤ ሜዳው በሙሉ ተነሣ፤ ቅሉ በሁለቱ ግራሮች መካከል ሲያልፍ የማለው ሁሉ ከማለው ጋር ተቃቅፎ ይጮህ ነበር።

ንጉሡ ዋርካው ሥር ከእንቅልፋቸው ነቁ። «በዚህ ዋጋ ይቀራሉ ብለኸኝ አልነበረም?» አሉት አያ ጅቦን።

«ብዬ ነበር ጃንሆይ» አለ አያ ጅቦ። «ተሳስቻለሁ። ዋጋውን ዝቅ አድርጌ ነው የተመንኩት።»

የሸለቆ ልጆች ዋንጫውን ወሰዱ። ተመልካቹ በደስታ ተሞልቶ እስከ በሩ ድረስ ዘፈነ፤ በሩን ሲወጣ ዘፈኑን አቆመ። እማማ ሣሬ አጥሩ ዳር ቆመዋል። አካላቸው በእሾሁ ላይ ተደግፎ ስለዋለ ጎናቸው ተጫጭሯል።

ማንም ሊቀድም አልፈለገም። በመጨረሻ ከኋላ የሚገፋው ሕዝብ ደምስስን ወደ ፊት አወጣው።

«አገባ አይደል?» አሉት።

«አገባ፣ እማማ።»

«ድምፅህን ለየሁት። በየትኛው እግሩ ነው?»

«በግራው።»

«ግራ እግሩ ግልገል ሳለ ተሰብሮ ነበር» አሉ እማማ ሣሬ። «አይድንም ብለውኝ ነበር።» ደምስስ ቢሰድቡት ይመርጥ ነበር፤ ለስድብ የሚሆን መልስ መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር።

በዚህ ጊዜ ቀበሮ ከበሩ ላይ ድንጋይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። የሜዳው አዛዥ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጨዋታውን በጆሯቸው የሚከታተሉ መኖራቸውን ዛሬ ስለደረሱበት፣ ድምፁም ከሜዳው የሚወጣ የሜዳው ንብረት ስለሆነ፣ ከሚቀጥለው ጨዋታ ጀምሮ የሚሰሙም እንደሚያዩት ሁሉ ይከፍላሉ ሲል አሳወቀ።

ሁሉም ወደ አባ ኤሊ ዞሩ። አባ ኤሊ አንገታቸውን ወደ ድንጋይ ልብሳቸው ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ሁሉም ወደ ደምስስ ዞሩ። ደምስስ ያ አምቦው ውሃ ዘንድ ያገኘው ንግግር እንደገና እንዲመጣለት ጠበቀ፤ ቢያንስ ቁጣ እንዲመጣለት ጠበቀ። የመጣለት ግን ከኮረብታው ጀርባ ሥራ ሥሩ ገና ያልተቆፈረ መሬት እንዳለ ማስታወስ ብቻ ነበር።

«ስንት ነው?» አሉ እማማ ሣሬ።

ቀበሮ ዋጋው ገና ስላልተነገረው ሊጠይቅ ወደ ውስጥ ገባ። አውሬዎቹ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ጠብቁ ያላቸው አልነበረም። ደምስስ ከፊቱ እማማ ሣሬን፣ ከኋላው ጃርትን ሲያይ፣ ማንም ሳያዛቸው መሰለፋቸውን አስተዋለ።