የደምለው ስግደት

ልጆቼ፣ አንዱ አጥፍቶ ሌላው ሲቀጣለት ባየን ቁጥር ከአፋችን የምታመልጥ አንዲት አባባል አለች። ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የመጣችው ከመስኖ ቦይ ዳር ነው።

ዘርፌ ባሏ የሞተባት፣ ኑሮዋ በአንዲት የበርበሬ ማሳ ላይ የቆመ ሴት ነበረች። በዚያ አገር ማሳ ውሃ የሚጠጣው በተራ ነው፤ ተራውን የሚዳኙት የውሃ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የዘርፌ ተራ ረቡዕ ነበር። ጎረቤቷ ደምለው ሁለት ረቡዕ ሙሉ ቦዩን ቀዶ ውሃዋን ወደ ሽንኩርቱ መለሰው። ሽንኩርቱ ለመለመ፤ የእሷ ችግኝ እንደቆመ ደረቀ።

ፋሲካ ሲቃረብ ደምለው መቁረብ አማረውና ለንስሐ አባቱ ለመምሬ ካሱ ተናዘዘ። እሳቸውም ለስቅለት ሦስት መቶ ስግደት አዘዙት። ደምለው ግን ለወገቡ ሳሳ። አደፍርስ የሚባል ችግረኛ ሸማኔ ጠርቶ በእሱ ፋንታ እንዲሰግድለት በአንድ ቁና ሽምብራ ተዋዋለው። ሸማኔው ሰግዶ ሰግዶ ጉልበቱ ከማበጡ የተነሳ እግሩን ወደ መሸመኛው ጉድጓድ ማስገባት አቅቶት ሰነበተ። ደምለው ቆረበ።

ፋሲካ ባለፈ በሐሙሱ፣ ተራው የደምለው በሆነ ቀን፣ ዘርፌ ቦዩ ዳር መጣች። የውሃ አባቱ ሙጬ ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ መምሬ ካሱም በዚያው ሲያልፉ ነበር።

«አያ ደምለው፣ የወሰድክብኝን ውሃ መልስልኝ። ችግኝ ለምኜ ተክያለሁ፤ ዛሬ ካልጠጣ ይሞትብኛል።»

«ምነው እቴ! ያ እኮ አለቀ። ይቅር ተብያለሁ።»

«በማን?»

«በእግዚአብሔር ነዋ!»

«የደረቀው የኔ በርበሬ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ቂም አትያዢ ልጄ» አሉ መምሬ ካሱ። «በደል ሁሉ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው፤ ይቅር ባዩም እሱ ነው።»

«ስግደቱንስ የሰገደው አደፍርስ አይደል?»

መምሬ ደንግጠው ወደ ደምለው ዞሩ። እሱ እቴ፣ ምን አፍሮ!

«ምን ነውር አለው አባ? ጌታስ የኛን በደል ተሸክሞ የለ? ንጹሑ ለበደለኛው ሲቀጣ ያየሁት ከሱ ነው።»

«እሱ ወዶ ነው እንጂ በቁና ሽምብራ ተገዝቶ ነው?» ተቆጡ መምሬ።

ዘርፌ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሁን አባቴ፣ ወዶ ይሸከም። ግን የበደለው ዳነ፣ ያልበደለው ጉልበቱ አበጠ፣ የኔ ማሳ እንደደረቀ ቀረ። ይሄ ይቅርታ የማንን ጥም ቆረጠ?»



ይሄኔ ሙጬ ዶማቸውን አነሱና የደምለውን ቦይ በአፈር ደፍነው ውሃውን ወደ ዘርፌ ማሳ ለቀቁት።

«አባ ሙጬ፣ ምን ማድረግዎ ነው? ተራው የኔ ነው! ታርቄያለሁ እኮ!» ጮኸ ደምለው።

ሽማግሌው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ውሃው የችግኞቹን ሥር ሲነካ እያዩ እንዲህ አሉ፦ «በሰው ማሳ በድሎ፣ በሰው ጉልበት ሰግዶ!»