የተሰነጠቀችው መስኮትና እመት ድመት

ተረት ልንገራችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ በድማሚት ድንጋይ በሚፈነቀልበት ተራራ ሥር አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። በቤቷ ውስጥ እመት ድመት ገና የተወለዱ ሦስት ልጆቿን ታጠባለች። ቤቷ ሁለት መስኮቶች አሏት። አንዱ አያ ወፍራም ይባላል፤ ነጠላ መስታወት ነው። ሌላዋ እትዬ ድርብ ትባላለች፤ ሁለት ስስ መስታወቶች በመካከላቸው ባለ ላስቲክ ተጣብቀው የተሠራች ናት። ቤቷ ከመጥበቧ የተነሳ ከአንዱ መስኮት ሥር መተኛት ግድ ነበር።

አንድ ቀን የማስጠንቀቂያ ጥሩምባ ተነፋ፤ ተራራው ጓ አለ። አንዲት ጠጠር በርራ እትዬ ድርብን መታቻት፤ እትዬ ድርብም ተሰነጣጠቀች። አያ ወፍራም ሳቀባት።

«ሆድሽ ውስጥ ላስቲክ ይዘሽ መስታወት ነኝ ትያለሽ? እኔን እይኝ፣ ጭረት እንኳ የለብኝም» አላት።

እመት ድመትም ጭረት የሌለበትን አመነችና ልጆቿን ከአያ ወፍራም ሥር አስተኛቻቸው።

ሌላ ቀን ጥሩምባው ተነፋ፤ ተራራው ጓ አለ። አያ ወፍራም ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ። እመት ድመት ፈርቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ብርድ ነው አላት። ቀኑ ግን ፀሐያማ ነበር።

ነገሩ አላማራትም። ሄዳ ከእትዬ ድርብ ሥር ያለውን ወለል በመዳፏ ዳሰሰችው። ደግማ ዳሰሰችው። አንዲት ስባሪ አልነበረችም።

«ስባሪሽ የት ሄደ?» አለቻት።

«ላስቲኬ ይዞታል። መሰንጠቁ አይቀርልኝም፣ እመት ድመት። ልጆችሽ ላይ ግን አልወድቅም።»

ይህን እያወሩ ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። እመት ድመት አንዱን ልጇን ወደ እትዬ ድርብ ሥር ወሰደች፤ ተመልሳ ሁለተኛዋን ወሰደች። አያ ወፍራም ተቆጣ፤ በተሰነጠቀች ትለውጪኛለሽ ወይ አላት። እመት ድመት ሦስተኛውን ልጇን በአፏ አንጠልጥላ ሄደች።

ተራራው ጓ አለ። አያ ወፍራም ብትንትኑ ወጣ፤ ልጆቹ ተኝተውበት የነበረው ቦታ በስለታም ስባሪ ተሞላ። እትዬ ድርብም ከጫፍ እስከ ጫፍ ደቀቀች፤ ወደ ውስጥም ጎበጠች። ላስቲኩ ግን ስባሪዋን ያዘ፤ የመስኮቱ ብረትም እሷን ያዘ። ከሥሯ ልጆቹ መጥባት ጀመሩ።

«እንግዲህ ውጭውን አላሳይም፤ ነቅለው ይጥሉኛል» አለች እትዬ ድርብ።

«እስኪነቅሉሽ ልጆቼ ዓይናቸውን ይገልጣሉ» አለቻት እመት ድመት። «መጀመሪያ የሚያዩትም አንቺን ነው።»

እኔም ይህን ተረት የነገርኳችሁ፣ ጠንካራ ማለት የማይሰበር ሳይሆን ሲሰበር ስባሪውን በሌላው ላይ የማይጥል መሆኑን እንድታውቁ ነው። ተረቴን ጨረስኩ፤ ለሰሚ ጆሯችሁ ጤና ይስጥልኝ።