አንድ መኪና፣ አንድ ቁልፍ

በአንድ ወቅት ዋንዛ በር በምትባል የገበያ ከተማ አያ ተገኘ የሚባል ገበሬ ነበር። ቃል ቆጣቢ ነው፤ የተናገረውን አይመልስም። መሬቱ ሁለት ጥማድ፣ ወንዶች ልጆቹ ሦስት።

ታላቁ ልጅ አላምረው ከተማ ሠርቶ ሲመለስ ከመዳፍ የማትበልጥ መኪና ይዞ መጣ። በጣውላ ላይ በተፈለፈለ ቀጭን ቦይ ውስጥ በኤሌክትሪክ ትሮጣለች። መቆጣጠሪያውን በአውራ ጣት ሲጫኑት ትፈጥናለች፤ ሲለቁት ትቆማለች፤ መታጠፊያው ላይ ሲያበዙባት ከቦዩ ዘላ ትወጣለች። አያ ተገኘ መጀመሪያ «የሥራ ፈት ጨዋታ» ብሎ ነበር። በኋላ ግን የወንዝ ወዲህና ማዶ ጎረምሶች በሽመል መፈላለጣቸውን ትተው ጣውላውን ሲከቡ አየና ባዶ የእህል መጋዘኑን ሰጠ። ማኅበር ተቋቋመ። ዳኛውም እሱ ሆነ።

ሕጉን በአንድ ቀን ጨረሰው። ውድድሩ አዝመራው ከተወቃ በኋላ ይጀመራል፤ ስምንት እሑድ ይካሄዳል። መኪኖቹ በሚዛን ተመዝነው ቀላልና ከባድ ተብለው ይከፈላሉ። ሀብታም ቤት አምስት አሰልፎ ድሃውን እንዳያፍን፣ በከባዱ ከአንድ ቤት አንድ መኪና ብቻ ይገባል። በመጋዘኑ ውስጥ የሰው ደም ያፈሰሰ ስሙ ከማኅበሩ የስም ሰሌዳ ይፋቃል።

ለልጆቹ ደግሞ ለብቻቸው እንዲህ አላቸው፦ «ለሦስት የሚበቃ መሬት የለኝም። በከባዱ ያሸነፈ የመጋዘኑን ቁልፍ ወስዶ እዚሁ ይኖራል። ሁለቱ ቆላ ወርደው ሰሊጥ ያጭዳሉ።»

አንድ መኪና፣ አንድ ቁልፍ፣ ሦስት ልጅ። ይህን ሲናገር አልቆጠረውም።

ወንድማማቾቹ ሥራውን ተከፋፈሉ። አላምረው መኪናዋን ሠራ። መካከለኛው ስማቸው መቆጣጠሪያውን ያዘ። ትንሹ ምንይችል ከቦዩ ስትወጣ መላሽ ሆነ። ሰባተኛው እሑድ ሲያልፍ ከወንዝ ማዶው ከቢያድግ ጋር እኩል ነበሩ።

በስምንተኛው እሑድ ጠዋት አላምረው ሞተሯን በወፍጮ ቤቱ መብራት አስተካክሎ መኪናዋን በጡጫው ይዞ ሲመለስ ቢያድግና ሁለት የአጎቱ ልጆች የወንዙ መሻገሪያ መልካ ላይ ጠበቁት።

«መዳፍህን ክፈት፣ አላምሬ።»

«መዳፌ የአባትህ በር ነው እንዴ?»

እጁን ድንጋይ ላይ አስተኝተው በሽመል ወቀጡት። ሦስት ጣቱ ተሰበረ፤ ጡጫው ግን አልተፈታም። ገበያተኛ ሲመጣ ሸሹ። መጋዘን ሲደርስ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀለት ምንይችል ነው። መኪናዋ ደም ለብሳ ወጣች። ጠርገው መዘኗት፤ ልክ ነበረች።

ቢያድግ በር ላይ ቆሞ «መልካው መጋዘን አይደለም፣ አያ ተገኘ። የራስዎ ሕግ ነው» አለ።

አያ ተገኘ የልጁን እጅ አየ። «ግቡ» አለ፣ ሁሉንም።

ሩጫው ሠላሳ ዙር ነበር። በሃያኛው የወንድማማቾቹ መኪና ከመታጠፊያው ዘለለች፤ ምንይችል ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ መለሳት። በሃያ አምስተኛው ስትቀድም፣ ከቢያድግ የአጎት ልጆች አንዱ ስማቸውን ከኋላው በሽመል አናቱን አለው። ደሙ በግንባሩ ወርዶ ሁለት ዓይኑን ሞላው። አውራ ጣቱን አላነሳም። ሞተሯ መታጠፊያ ላይ ስትጮህና ቀጥታው ላይ ስታፏጭ እየሰማ፣ ጆሮውን አዘንብሎ እንደ ዕውር ነዳት።

ያን ጊዜ ሁለተኛው የአጎት ልጅ ጩቤ መዝዞ የስማቸውን መቆጣጠሪያ ሽቦ ሊቆርጥ ጎንበስ አለ። ምንይችል ወደቀበት። ጩቤው ጎኑ ውስጥ ገባ። እሱም ከሚዛኑ ላይ የአንድ ኪሎውን ብረት አንሥቶ ፊቱን መታው። ሰውየው መሞትስ አልሞተም፤ ቀኝ ዓይኑ ግን ፈሰሰ።

አያ ተገኘ የሽመሉንም፣ የጩቤውንም፣ የብረቱንም ድምፅ ሰምቷል። ዱላው በእጁ ነበር። ከማብቂያው መስመር ዓይኑን ቢነቅል ማን እንዳለፈ የሚመሰክር አይኖርም፤ ስለዚህ አልነቀለም። የልጆቹ መኪና በግማሽ ቁመቷ ቀድማ አለፈች።

ጸጥ ሲል ቢላዋ አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ። የባለ ሽመሉን ስም ፋቀ። የባለ ጩቤውን ስም ፋቀ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ።

አላምረው የተሰባበረ እጁን አነሣ። «አባዬ፣ ጡጫዬን ብፈታ ዛሬ ሩጫ ነበር? በዚህ እጅስ ማጭድ ይያዛል?»

ስማቸው ደሙን ጠረገ። «ያሸነፈ ነው ያልከው። መስመሩን ያለፍኩ እኔ ነኝ።»

ምንይችል ጎኑ በነጠላ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሊስቅ ሞከረ፤ አመመው። «አንተ ሕግህን ጠብቅ፣ አባዬ። ግን ሽቦው ተቆርጦ ቢሆን ቁልፉ አሁን በማን ኪስ ነበር?»

አያ ተገኘ የቢላዋውን ጫፍ በምንይችል ስም ላይ አሳረፈ። አልፋቀም፤ አላነሣምም። በሌላው እጁ ቁልፉ ተንጠልጥሏል።

እስኪ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። መኪናዋን በጡጫው ያዳነ፣ ዕውር ሆኖ የነዳት፣ ወይስ ሕግ ጥሶ ሽቦውን ያተረፈ? ከሦስቱ ያሸነፈው የትኛው ነው? ቁልፉስ ለማን ይገባል?