ኤስቹ ያደረገው እግር

አቶ ዘርጋው ለሥልጠና ውጭ አገር ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ አማርኛ አልበቃቸው አለ። የሰፈሩ ዕድር ዳኛ እሳቸው ናቸውና በየስብሰባው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል መስማት የአባላቱ ዕዳ ሆነ።

አንድ እሑድ ተነሥተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ሐሜትን ኤስቹ ማድረግ አለባችሁ!" አሉ።

ከኋላ የተቀመጠው የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ሳቁ አመለጠው።

"ምን ያስቅሃል አንተ ደንቆሮ?" አሉ ዳኛው። "ኤስቹ ማለት ሰው አቅቶት ሳይሆን፣ እየቻለ፣ ሆን ብሎ ከአንድ ነገር ሲርቅ ነው። አሁን ተነሣና በቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ። ካልቻልክ ከዕድሩ ትሰረዛለህ!"

ከዕድር የተሰረዘ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

ጥሩምባ ነፊው ተነሣና እጅ ነሣ። "ዳኛችን ቀብርን ኤስቹ ያደርጋሉ" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዘርጋው ፊታቸው በርበሬ መሰለ። "ስሕተት ነው! ከቀብር የምቀረው ሆን ብዬ አይደለም፣ እግሬን እያመመኝ ነው!"

"እንግዲያው ይቅርታ ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ" አለ ጥሩምባ ነፊው። "ኤስቹ የሚያደርገው እግርዎ ነው። ለቀብር ደጅዎ ላይ ቆሜ ጥሩምባ ስነፋ አልነሣም ይላል፤ ተዝካር ሲሆን ግን ማንም ሳይጠራው ከሁላችን ቀድሞ ይደርሳል።"