ጃርት የቀደመ ዕለት

እስቲ ተጠጉና ስሙኝ፤ ነገሩ የድሮ ነው። ተራሮች ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ እንስሳት እንደ ሰው እየተጠራሩ በሚኖሩበት በአንድ አገር አራት ጓደኛሞች ነበሩ፤ አያ ሰስ፣ አያ ዝንጀሮ፣ እመት ሽኮኮና አያ ጃርት።

በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር አራቱ የአገሩን ትልቅ ተራራ በሩጫ ይወጣሉ። ሽልማት የለው፣ ውርርድ የለው፤ እንዲያው ለጨዋታ ነው። ሕጋቸው አንዲት ብቻ ነበረች። ቀድሞ የደረሰ ከመንገዱ አጋማሽ ካለው ወይራ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያም ከፍ ብሎ ካለው ምንጭ ዘንድ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ሳይደርስ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሰስ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ሁልጊዜ ይቀድምና ወደ ታች ይጣራል።

«ማን ቀረ?»

ከታች ቀጭን ድምፅ ይመልሳል፤ «እኔ ቀረሁ!»

«ና፣ እንጠብቅሃለን!»

የሚቀረው ምንጊዜም ጃርት ነበር። እግሩ አጭር፣ ሸክሙ እሾህ። እያለከለከ ወይራው ሥር ሲደርስ ሌሎቹ ላባቸውን አድርቀው፣ የዝንጀሮን ወግ ሰምተው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ያገኛቸዋል።

«ምን ብሎ ነው?» ይላል ጃርት።

«አልፏል ባክህ!» ይላል ዝንጀሮ አቧራውን እያራገፈ። «ይኸው ደረስክ አይደል? ተነሱ እንሂድ!»

በቃ። የመጨረሻው ደረሰ ማለት ዕረፍቱ አለቀ ማለት ነው። ጃርት ከዚያ ወይራ ሥር አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም። የወጉን መጀመሪያም ሰምቶ አያውቅም፤ እሱ ዘንድ የሚደርሰው ሳቁ ብቻ ነው። ከኋላ ብቻውን ሲወጣ ያ ሳቅ ከላይ ይንከባለልበታል። «በእኔ ይሆን?» እያለ ያሰላስላል። ጠይቋቸው ግን አያውቅም።

አንድ ዓመት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ክረምቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። «አንድ ጊዜ ብቻ እኔ ቁጭ ብዬ እነሱ እያለከለኩ ቢመጡ ምን አለ?» ከወይራው በላይ እስከ ጫፉ ድረስ የሚወጣ የቀጋ ጥሻ ነበር። እንኳን ሌላው ነብርም አይደፍረው። ጃርት ግን፣ «እሾህ እሾህን ምን ያደርገዋል?» አለ።

የሩጫው ቀን ደረሰ። ወይራው ሥር እንደወትሮው «ማን ቀረ?» ሲባል፣ እንደወትሮው «እኔ ቀረሁ!» ብሎ ደረሰ፤ እንደወትሮው እሱ ሳይቀመጥ ተነሱ። የሦስቱ ጀርባ ከመንገዱ እጥፋት ሲሰወር እሱ ጥሻው ውስጥ ጥልቅ አለ። እየተሳበ፣ እየቧጠጠ፣ ጠማማውን መንገድ በቀጥታ ቆርጦ ወጣ። ብቅ ሲል ጫፉ ላይ ነው። ማንም የለም። ቀድሟል!

ጫፉ ላይ ጅብራ ቆሟል፤ በዚያ አገር ጅብራ ከተራራው ጫፍ በቀር ሌላ ቦታ አይበቅልም። ጃርት ጅብራውን ተደግፎ ተቀመጠ። ዕረፍት ለካ እንዲህ ይጣፍጣል! ሲመጡ የሚላቸውን ያዘጋጅ ጀመር። «አሁን ነው የምትመጡት?» ብሎ ሞከረው። ኩራት በዛበት። ጋደም ብሎ ዓይኑን ጨፈነና፣ «እ... እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለ። ይኼ ተሻለው። ከመጀመሪያው የሚያወራላቸው ወግም አሰበ፤ ለራሱ አውርቶ ራሱ ሳቀ። ብቻውን የሳቀው ሳቅ ግን ቶሎ ደረቀ።

ፀሐይ ዘመም አለች። ተነሥቶ ሰስ እንደሚያደርገው ወደ ታች ተጣራ።

«ማን ቀረ?»

ነፋሱ ወሰደው።

«ማን ቀረ?»

መልስ የለም።

ቁልቁል ቢያይ ሦስቱም ምንጩ ዘንድ ተቀምጠዋል። «እያረፉ ነው፤ አሁን ይመጣሉ» አለ። ቆይቶ አየ፤ እንደተቀመጡ ናቸው። ደግሞ ቆይቶ አየ፤ ተነሥተዋል። ቶሎ ብሎ ጋደም አለ። ምንም ኮቴ ሲያጣ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች እየወረዱ ነው።

ጃርት ልቡ ቀዘቀዘ። «ሄዱ። አለመኖሬንም ልብ አላሉ። ያለ እኔ ቀልሏቸዋል» አለ። ያ ሁሉ ተራራ፣ ያ ሁሉ ሰማይ የእሱ ብቻ ሆነ። ምን ያደርግለታል?

በግልጡ መንገድ ወረደ። ምንጩ ዘንድ ሲደርስ ሣሩ ብዙ ተቀምጠውበት ተኝቷል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ካለው ገደል አፋፍ የሰለለ ድምፅ ሰማ።

«ማን ቀረ? አያ ጃርት! ማን ቀረ?»

ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ አዳመጠ።

«አንተ ነህ!» ትላለች ሽኮኮ እያለቀሰች። «ገና ሳይተነፍስ ‹ተነሱ ተነሱ› የምትለው አንተ ነህ። ደክሞት ነው የወደቀው።»

«እኔ ብቻ? አንቺስ ከእኔ ቀድመሽ አልነበር የምትነሺው?» ይላል ዝንጀሮ፤ ድምፁ ግን የጠብ አልነበረም። «ደግሞ ሰስ ሊፈልገው እንደወረደ ቆየ። ያ ገደል ለሰስም አይመች።»

ጃርት አሁን ገባው። ጥሻው ውስጥ ሲገባ አላዩትም። ከኋላ ያለ መስሏቸው፣ ሕጋቸውን ጠብቀው፣ ምንጩ ዘንድ ሲጠብቁት ዋሉ። «እኔ ቀረሁ» ሊል አፉን ከፈተ። ድምፁ እምቢ አለው፤ አልቀረማ!

እያነከሰ ወጣና «ወድቄ ነበር» አለ።

«አያ ጃርት! አለህ!» ብሎ ዝንጀሮ ዘሎ አቀፈው። «ኧረ እሾህህ! ቆይ፣ ይኼ ምንድነው?» ከጀርባው እሾህ መሀል የጅብራ ቅጠል ቅዳጅ መዘዘ። ገለበጠው፤ አሸተተው። ቀና ብሎ የተራራውን ጫፍ አየ፤ ከዚያ ጃርትን አየ።

ይኼኔ ሰስ ከገደሉ ወጣ። ሰኮናው ተሰንጥቆ ይደማል።

«ተገኘ?»

«ተገኘ» አለ ዝንጀሮ።

«የት?»

ዝንጀሮ ቅጠሉን በእጁ ጨበጠው። «እሱን ጠይቀው።»

ጃርት ማንከሱን ጀምሯል፤ አንድ ውሸት ቢጨምር ይበቃው ነበር። የሰስን ሰኮና አየ።

«ጫፉ ላይ ነበርኩ» አለ። «በጥሻው አቋርጬ። ልቅደማችሁ ብዬ።»

«ቀደምክ?»

«ቀደምኩ።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«እኛ ሞተ ብለን ነበር» አለ ሰስ።

ከዚያ ወረዱ። ዝንጀሮና ሽኮኮ ፊት ፊት ሄዱ፤ ወግ ያነሣ የለም፣ ዘወር ብሎ የተጣራም የለም። ያን ቀን ኋላ የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ የሚያነክሰው ሰስና አጠገቡ የሚራመደው ጃርት። ጃርት ሰኮናውን ያያል፤ ዓይኑን ይመልሳል፤ ደግሞ ያያል።

«እግሬን አትይ» አለው ሰስ። «መንገዱን እይ፤ ይመሻል።»

እንግዲህ ልጆቼም፣ ታላላቆቼም፣ ከዚያ ተራራ ወርዶ እኛ ዘንድ የደረሰው ቃል ይኸው ነው፦ ፈላጊ ያለው አይጠፋም፤ ተከታይ የሌለው አይቀድምም።