ያልተጋጠው ሰርዶ

ከብቶች እንደ ሰው ያወሩ በነበረበት ዘመን፣ ዳልቻ የምትባል አሮጊት ላምና ቦቃ የምትባል ጊደር በድርቅ ተሰደው ግጦሽ ይፈልጉ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከደረቅ ሰንበሌጥ በቀር ያገኙት አልነበረም። በአራተኛው ቀን ለምለም የሰርዶ ሜዳ ላይ ደረሱ። ቦቃ ሮጣ ገባችበት።

«እማማ፣ ይምጡ እንጂ! ወተት የሚያበዛው ሰርዶ እኮ ነው!»

ዳልቻ ከሜዳው ዳር ቆመች። «ልጄ፣ ሰንበሌጥ ሳይበላ ቢያረጅ አይገርመኝም። እንዲህ ያለ ሰርዶ ግን በዚህ ረሃብ ማንም ያልነካው ለምንድን ነው? የአንድ ከብት ዱካ እንኳ የለበትም። ነይ፣ እንሂድ!»

«እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ ርቦኛል።»

ዳልቻ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች። ጥቂት እንደሄደች የቦቃን ጩኸት ሰማች። ዞር ስትል፣ አንበሳ ጊደሯን በማንቁርቷ ይዞ ወደ ጥሻው እየጎተታት ነበር።

ዳልቻ ለመጮህ እንኳ ፈራች።