በሦስት ጣት የመጣ ቀብር

አንድ ቀን የአንዲት ትንሽ ከተማ የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ድልነሳሁ፣ ጸሐፊያቸውን የሺሐረግን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቁመው ይጮኹባት ጀመር። እኚህ ሰው ሁለት ነገር አጥብቀው ይወዳሉ፤ በገቡ ቁጥር ሰው ሁሉ ብድግ እንዲልላቸውና በኮምፒውተር ነገር ከእሳቸው በላይ አዋቂ እንዳይገኝ። የየሺሐረግ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የጫኑት ራሳቸው ናቸው። ያኔም የመዳሰሻ ሰሌዳውን እያሳዩ፣ «በሦስት ጣት ነካ ካደረግሽው መጨረሻ የመረጥሽውን ጽሑፍ ይለጥፍልሻል። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፤ ማንም እንዳይነካካው!» ብለዋት ነበር።

ጠዋት ለአዲሱ የዞን ኃላፊ የተላከው የደስታ መግለጫ ታዲያ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ለዚህ ሹመት አበቃዎት፤ ሥርዓተ ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል።» የቀብሩ መስመር አቶ ድልነሳሁ ከሚመሩት ዕድር ማስታወቂያ የመጣ ነው፤ እሱንም የምትጽፍላቸው የሺሐረግ ናት። ደብዳቤውን ሳያነቡ የፈረሙት እሳቸው፣ ከሥራ የምትባረረው ግን እሷ ልትሆን ነው።

«ሰውዬውን ከነሹመቱ ቀበርሽብኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ አልጻፍኩትም። ማሽኑ ነው የለጠፈው።»

«ማሽኑ? ዞር በይ እስቲ!» ብለው ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። እየጻፉ፣ እየጻፉ አንድ ገጽ ሞሉ። አንዲት ፊደል ያለቦታዋ አልገባችም። «ይኸው! ለእኔ ለምን አይለጥፍም?»

«ለእርስዎማ ምን ቆርጦት! እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው እርስዎ ሲገቡ አይተው አያውቁ!»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል አፈነው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በሩ ሲከፈት ተደናግጬ ብድግ የምለው ምኑን ተደግፌ ይመስልዎታል?» አለችና በትከሻቸው በኩል እጇን ሰድዳ፣ ሊነሳ እንደሚጣደፍ ሰው ሦስት ጣቷን ሰሌዳው ላይ ጫን አደረገች። አቶ ድልነሳሁ ከጻፉት መሀል ሥርዓተ ቀብሩ ዱብ አለ።

የሺሐረግ እጇን ሰብሰብ አድርጋ፣

«እንግዲህ ጋሼ፣ እኔን ከማባረርዎ በፊት ከሁለቱ አንዱን ያጥፉልኝ» አለች፤ «ወይ የሦስት ጣቱን ንክኪ፣ ወይ ለእርስዎ ብድግ ማለቱን።»

አቶ ድልነሳሁ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አጠለቁና ንክኪውን አጠፉት።